ታዳሚው ሳይሰማ መስማት፦ የሄድፎን ኪው አጠቃቀም በዲጄ ሚክሰር ላይ

ሠርግ ላይ ሙዚቃ ያጫወተ ሰው ይህችን ሰዓት ያውቃታል። ሙሽሮቹ በሩ ላይ ደርሰዋል፣ የቪዲዮው መብራት በርቷል፤ አንዱ ሚዜ እያለከለከ መጥቶ ፍላሽ እጃችሁ ላይ ያስቀምጥና «ወንድሜ፣ መግቢያቸው ሦስተኛው ፋይል ነው» ብሎ ይሮጣል። ሦስተኛው ፋይል ምን ይዞ እንደመጣ ማን ያውቃል? ከዩቲዩብ የወረደ ሆኖ መጀመሪያው ላይ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» የሚል ይኖርበት ይሆናል። በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ ቅጂ ሊሆን ይችላል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ማሲንቆ ብቻ የሚሰማበት መግቢያም ሊኖረው ይችላል፤ ሙሽሮቹ ያን ያህል ቆመው አይጠብቁም። በስፒከር እየሄደ ያለውን ዘፈን ሳትነኩ ይህን ሁሉ በሃያ ሰከንድ አጣርታችሁ የምታውቁት ሚክሰሩ (የማጫወቻዎቹን ድምፅ የሚያቀላቅለው ዕቃ) ላይ ባለው የሄድፎን ኪው፣ ማለትም ቀጣዩን ዘፈን ለእናንተ ብቻ በሄድፎን በሚያሰማው ክፍል ነው።

ጀማሪዎች ከኪው ቁልፎች የሚሸሹት አንድ ነገር ስለሚፈሩ ይመስለኛል፤ «ብነካው አዳራሹ ላይ የሆነ ነገር ቢፈጠርስ?» አይፈጠርም። የሄድፎን ኪው ወደ ታዳሚው የሚሄደውን ድምፅ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አያቋርጥም። ቁልፎቹ የሚመልሱት ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ የትኛውን ልስማ? ከዋናው ድምፅ ጋር በምን ያህል ተቀላቅሎ ልስማው? ምን ያህል ጮክ ይበልልኝ? የየትኛውም ፋብሪካ ሚክሰር ፊት ስትቆሙ እነዚህን ሦስቱን ፈልጉ።

ድምፁ ከየት ይቀዳል?

በውኃ ላስረዳችሁ። ግቢያችሁ ውስጥ ሮቶ አለ እንበል። ከሮቶው የወጣው ቧንቧ ወደ ቤት ይገባል፤ ከመግባቱ በፊት መዝጊያ አለው። ከመዝጊያው ወዲህ ሌላ ቀጭን ቧንቧ ብትቀጥሉ፣ ዋናው መዝጊያ ተዘግቶም ቢሆን ከቀጭኑ ቀድታችሁ ውኃው ጥሩ ይሁን ድፍርስ መቅመስ ትችላላችሁ። ቤት ውስጥ ያለው ሰው መቅመሳችሁን እንኳ አያውቅም። እያንዳንዱ ማጫወቻ ሚክሰሩ ላይ የሚገባበት መስመር ቻናል ይባላል፤ የቻናሉን ድምፅ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ የሚከፍተውና የሚዘጋው ፌደር ያ መዝጊያ ነው፤ ኪው ደግሞ ቀጭኑ ቧንቧ።

አብዛኞቹ የዲጄ ሚክሰሮች ላይ ቀጭኑ ቧንቧ የሚቀጠለው ከትሪሙ (ወደ ቻናሉ የሚገባውን ድምፅ ጉልበት የሚያስተካክለው ማዞሪያ) እና ከባስ፣ ከሚድ፣ ከትሪብል ማዞሪያዎች በኋላ፣ ከፌደሩና ከክሮስፌደሩ (ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው የሚያሻግረው አግድም ፌደር) ግን በፊት ነው። ስለዚህ ፌደሩ ታች ሆኖም ዘፈኑን በሄድፎን ትሰማላችሁ። ባሱን ከቆረጣችሁት ግን በሄድፎንም ተቆርጦ ነው የምትሰሙት። «ይሄ ዘፈን ባስ የለውም እንዴ?» ከማለታችሁ በፊት ማዞሪያውን እዩት፤ ለቀድሞው ዘፈን የቆረጣችሁትን ሳትመልሱ ቀርታችሁ ይሆናል። ይህ በእኔ ላይ ከመቶ ጊዜ በላይ ደርሷል።

ሐሳቡ ከተወለደ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1971 አሌክስ ሮስነር የተባለ የድምፅ መሐንዲስ ኒው ዮርክ ውስጥ ሄቨን ለሚባል ክለብ በሠራው ሚክሰር ላይ ኪው ነበረበት፤ ቀይ ቀለም ስለተቀባ «ሮዚ» ይሉት ነበር። ብሮንክስ ውስጥ ደግሞ ግራንድማስተር ፍላሽ፣ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ልጅ ስለነበር፣ ሚክሰሩ ላይ የራሱን ማብሪያ ማጥፊያ ገጥሞ አንዱ ሸክላ በስፒከር እየሄደ ሌላውን በሄድፎን መስማት ቻለ። ዛሬ ፋብሪካ አስተካክሎ የሰጠንን ነገር እሱ በብየዳ ነው ያገኘው።

ሁለት ቁልፍ በአንድ ስም

ከሁሉ በፊት ይህን ለዩ፣ አለበለዚያ የቀረው ምክር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። «ኪው» የተባለ ቁልፍ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ማጫወቻው ላይ፣ ከፕሌይ ቁልፉ አጠገብ የሚገኘው ትልቁ ክብ ነው። እሱ የሄድፎን ጉዳይ የለውም፤ ዘፈኑ የሚጀምርበትን ነጥብ የሚያስይዝ ነው። ዘፈኑ ቆሞ ስትጫኑት ነጥቡን ይይዛል፤ ዘፈኑ እየሄደ ስትጫኑት ግን ወደ ያዘው ነጥብ ይመልሰውና ያቆመዋል። ሁለተኛው ሚክሰሩ ላይ፣ በየቻናሉ ፌደር አካባቢ የሚገኝ፣ ብዙውን ጊዜ የሄድፎን ሥዕል ያለበት ትንሽ ቁልፍ ነው። የዚህ መመሪያ ጉዳይ እሱ ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ እስክስታ በያዘበት ሰዓት፣ «ኪውን አጥፋ» ብዬ ለራሴ ነግሬ ትልቁን ክብ ተጫንኩት። አዳራሹ ፀጥ አለ። ትከሻው መሃል ላይ የቀረበትን ሰውዬ ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚያስተምረኝም ለማስተምረውም «የማጫወቻው ኪው» እና «የሄድፎን ኪው» እያልኩ ለይቼ ነው የምጠራቸው፤ እናንተም እንደዚያ ብትሉ ይሻላል።

መቆጣጠሪያዎቹ

ሁለት ዕቃ በምሳሌነት ልያዝ፤ ክለቦች ውስጥ በብዛት የምታገኙትን የፓዮኒር ዲጄኤም-900 ኔክሰስ 2 ሚክሰርና ብዙ ጀማሪ ቤቱ የሚያስቀምጠውን ዲዲጄ-ኤፍኤልኤክስ4 ኮንትሮለር (በሶፍትዌር የሚሠራ፣ ማጫወቻና ሚክሰር በአንድ ላይ የያዘ ዕቃ)። ሌላ ዕቃ ካላችሁም ስሙና ቦታው ይለያይ እንጂ ሥራው ያው ነው።

የቻናል ኪው ቁልፍ «የትኛውን?» ለሚለው መልስ ነው። ሲበራ ያ ቻናል ወደ ሄድፎን ይመጣል። ሁለት ቻናል ላይ ካበራችሁ ሁለቱም ተደርበው ይመጣሉ፤ ጀማሪን ከሚያደናግሩት ነገሮች ዋናው ይህ ነው። ለስክራች (ሸክላን በእጅ ወዲያና ወዲህ እያሹ ለመጫወት) የተሠሩ አንዳንድ ሚክሰሮች ላይ በቁልፍ ፋንታ ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው የሚንሸራተት ትንሽ ፌደር አለ።

የሚክስ ማዞሪያው አንደኛው ጫፉ ኪው፣ ሌላኛው ጫፉ ማስተር ይላል። ሙሉ በሙሉ ወደ ኪው ስታዞሩት ያበራችሁትን ቻናል ብቻ ትሰማላችሁ። ወደ ማስተር ስታዞሩት አዳራሹ የሚሰማውን ትሰማላችሁ። መሃል ላይ ሁለቱን አንድ ላይ። ለእኔ ከሚክሰሩ ማዞሪያዎች ሁሉ ትልቁ ቁምነገር ያለው እዚህች ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ራሱን የቻለ ቦታ እሰጣታለሁ።

የሌቨል ማዞሪያው የሄድፎኑን ጩኸት ብቻ ይወስናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ዘፈኑ በሄድፎን ጮክ ስላለ አዳራሹም ውስጥ ጮክ ይላል ማለት አይደለም። የቻናሉን ጉልበት የሚነግራችሁ በየቻናሉ አጠገብ የሚበራው የመብራት መስመር ነው። በጆሮ እየለኩ ትሪም የሚያስተካክሉ ልጆች አይቻለሁ፤ ፌደሩን ሲያነሱ ወይ ሰው ይደነግጣል ወይ የሚሰማ ነገር የለም።

የማስተር ኪው ቁልፍ ዋናውን ድምፅ ልክ እንደ አንድ ቻናል ወደ ኪው ይጨምረዋል። የሚክስ ማዞሪያ ካላችሁ ይህን ቁልፍ አጥፍታችሁ ተዉት፤ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም «ወደ ኪው አዙሬው ሳለ ለምን የአዳራሹን ዘፈን እሰማለሁ?» ከማሰኘት በቀር ጥቅም የለውም።

ዲጄኤም-900 ላይ በተጨማሪ ሞኖ ስፕሊት የሚል መቀየሪያ አለ። ሲበራ ኪው የተደረገው ቻናል ወደ ግራ ጆሮ፣ ማስተሩ ወደ ቀኝ ጆሮ ይሄዳል። ትንንሾቹ ኮንትሮለሮች ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ደረጃ በደረጃ

አንድ ዘፈን በቻናል 1 እየተጫወተ ነው፤ ቀጣዩን በቻናል 2 ልታዘጋጁ ነው።

1. ሄድፎኑን ከመሰካታችሁ በፊት የሌቨል ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርጉት። ከእናንተ በፊት የነበረው ዲጄ የት ላይ ትቶት እንደሄደ አታውቁም። ከሰካችሁና ጆሯችሁ ላይ ካደረጋችሁ በኋላ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

2. የቻናል 2 ፌደር እስከ ታች መውረዱን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። ፌደሩ ወርዶ ከሆነ ከዚህ በኋላ የምታደርጉትን ስህተት ማንም አይሰማባችሁም።

3. የቻናል 1ን የሄድፎን ኪው አጥፉ፣ የቻናል 2ን አብሩ፤ የሚክስ ማዞሪያውን ሙሉ በሙሉ ወደ ኪው መልሱ።

4. ዘፈኑን ጫኑና አጫውቱ። መጀመሪያ ላይ ስለ ምት አታስቡ፤ ዝም ብላችሁ ስሙ። የታሰበው ዘፈን ነው? ቅጂው ንጹሕ ነው? ሁለቱም ጆሮ ላይ ይሰማል? ከዚያ ወደ መሃሉ፣ ቀጥሎም ወደ መጨረሻው ዝለሉና እዚያም አምስት አምስት ሰከንድ ስሙ። ያ የሚዜው ፍላሽ የሚመረመረው እዚህች ደረጃ ላይ ነው። ሦስት ቦታ መቅመስ በቂ ነው፤ በመሃሉ የሚቆረጥ ፋይል ብዙ ጊዜ በዚህ ይያዛል።

5. ባስ፣ ሚድና ትሪብሉን መሃል ላይ መልሱና የዘፈኑ ኃይለኛ ቦታ ላይ ሆናችሁ ትሪሙን አስተካክሉ። መብራቱ አረንጓዴውን ሞልቶ ብርቱካናማውን እየነካ ቀዩን ሳይደርስ ይቅር። የድሮ ቅጂና የዘንድሮ ቅጂ ስታቀያይሩ ይህን መዝለል አይቻልም፤ አዲሶቹ ተጨምቀው ጮክ ብለው የተሠሩ ናቸው፣ ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን ደግሞ ብዙ ትሪም ይጠይቃል።

6. አሁን የመጀመሪያውን ጠንካራ ምት ፈልጉ። ዘፈኑን አቁማችሁ በዝግታ እየገፋችሁ ምቱ ላይ ስትደርሱ የማጫወቻውን ኪው ተጫኑ። ደጋግማችሁ ብትነኩት «ዱም» የሚለው ወዲያው መምጣት አለበት፤ ከምቱ በፊት ባዶ ቦታ ካለ ትንሽ ወደ ፊት ግፉት።

7. የሚክስ ማዞሪያውን ወደ መሃል አምጡ። በአንደኛው ዘፈን «አንድ» ላይ ሁለተኛውን ልቀቁት፤ ፍጥነቱን በቴምፖ ፌደሩ አስተካክሉ። ሲንክ (የሁለቱን ዘፈኖች ምት በራሱ የሚያስማማው ቁልፍ) ብትጠቀሙም ስሙ። ሲንክ የሚያስተካክለው ሶፍትዌሩ የገመተውን ምት ነው፤ ግምቱ ከተሳሳተ ስህተቱንም አስተካክሎ ይሰጣችኋል።

8. ሁለቱ በሄድፎን ውስጥ እንደ አንድ ከበሮ ሲሰሙ ፌደሩን አንሱ። ካነሳችሁ በኋላ ሄድፎኑን ከአንድ ጆሮ አውርዱና አዳራሹን ስሙ፤ ባሱ ተደራርቦ ሊያጉረመርም ይችላልና የአንዱን ቁረጡ።

9. ቻናል 1ን አወረዳችሁ? የቻናል 2ን ኪው አጥፉ፣ የቻናል 1ን አብሩ። ይህን ልማድ ካላደረጋችሁ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስትደርሱ ሁለት ኪው በርቶ «ምኑ ነው የሚንኳኳው?» ማለታችሁ አይቀርም።

የሚክስ ማዞሪያው ለምን መሃል ላይ?

ብዙ ሰው አንዱን ጆሮ በሄድፎን ይዘጋና ሌላውን ለአዳራሹ ክፍት አድርጎ ምት ያስተካክላል። አጠገባችሁ ለዲጄው የተቀመጠ ሞኒተር ካለ ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ፣ ብዙ አዳራሾቻችን ላይ ለዲጄው የሚሆን ስፒከር ማንም አያስብም። ዋናዎቹ ስፒከሮች መድረኩ ፊት ናቸው፤ እናንተ ደግሞ ከምግቡ ጠረጴዛ ጎን ጥግ ይዛችኋል።

ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስፒከሩ ከእናንተ 15 ሜትር ቢርቅ ድምፁ እናንተ ጋ ለመድረስ 44 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን ከአንድ ምት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ 500 ሚሊሰከንድ ነው። እንግዲህ ክፍት ጆሯችሁ የሚሰማው ዘፈን ወደ አንድ አሥረኛ ምት የሚጠጋ ዘግይቶ የደረሰ ነው፤ ሄድፎኑ ግን አይዘገይም። እናንተ አዲሱን ዘፈን ከዘገየው ጋር ታስማሙታላችሁ። ለእናንተ ልክ መጥቷል። ፌደሩን ስታነሱት ሁለቱም በአንድ ስፒከር ይወጡና ታዳሚው የሚሰማው በአንድ ሙቀጫ ሁለት ሰው ተራ ሳይጠብቅ ሲወቅጥ ነው።

መፍትሔው ሁለቱንም ዘፈን ከአንድ ርቀት መስማት ነው። የሚክስ ማዞሪያው መሃል ላይ ሲሆን ማስተሩም ኪውም በሄድፎን ውስጥ ያለ መዘግየት ይመጣሉ፤ ሁለት ጆሯችሁንም ዘግታችሁ እዚያው ውስጥ አስማሙ። ሞኒተር ካለና አንድ ሁለት ሜትር ላይ ከሆነ መዘግየቱ ከ6 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ ያ አያስቸግርም። በእኔ ልማድ ምት ሳስተካክል መሃል፣ ዘፈን ስመርጥ ሙሉ ኪው፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ወደ ማስተር ጠጋ አደርገዋለሁ።

በዚሁ ምክንያት ብሉቱዝ ሄድፎን ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተለመደው የብሉቱዝ ድምፅ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል። ገመድ ይሁን፤ ጆሮ ላይ የሚያርፉት ክፍሎቹ ጆሮን የሚዘጉ ይሁኑ፤ ቢቻል አንደኛው ወደ ኋላ የሚዞር ይሁን። ሴንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ኤችዲ 25 እስከ ዛሬ በዲጄዎች አንገት ላይ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ቀላል ነው፣ አንዱ ጎኑ ይዞራል፣ ሲበላሽም ክፍሉ ለብቻው ይገዛል።

ጭክችካ ሲመጣ

በውጭ አገር የተሠሩ መመሪያዎች ሁሉ የሚያስቡት አራት ምት ስላለው ሙዚቃ ነው። የእኛ ጭፈራ ግማሹ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ሶፍትዌሩም እዚህ ላይ ይደናገራል። ሰው በደቂቃ 100 ጊዜ በሚያጨበጭብለት ጭክችካ ውስጥ እያንዳንዱ ጭብጨባ በሦስት ትንንሽ ምት ይከፈላል። ሶፍትዌሩ እነዚያን ትንንሾች ሁለት ሁለት እያደረገ ከቆጠራቸው «150» ብሎ ይጽፍላችኋል። ቁጥሩን አምናችሁ ሲንክ ብትሉት ዘፈኑ ወይ ይሮጣል ወይ ይጎተታል። ኪው አድርጉትና እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ እየመታችሁ ስሙት፤ እጃችሁ የሚመታው ነው ትክክለኛው። የእጃችሁ ምት ሶፍትዌሩ ከጻፈው ቁጥር ከሦስት ሁለት እጅ ሆኖ ከተገኘ ያኔ ሶፍትዌሩ ላይ አስተካክሉት።

የዋልያስ ባንድ ዘመን ዓይነት ቅጂ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከበሮውን የመታው ሰው ነው፤ ዘፋኙ ሲሞቅ ባንዱም ይሞቃል፣ ፍጥነቱ ዘፈኑ መሃል ላይ ይጨምራል። መጀመሪያው ላይ ያስማማችሁት መጨረሻው ላይ ይለያያል። እንደዚህ ያለ ዘፈን ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ነው በኪው እንደገና ማስማማት ያለባችሁ፣ ወይም ጨርሶ አለመደረብ። ዘፈኑ በክብር አልቆ ቀጣዩ በጭብጨባው መሃል ቢጀምር ማንም ቅር አይለውም።

ምቱ ከገጠመ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ ቅኝቱ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድባብ አላቸው። የአንቺሆዬ ዜማ በትዝታ ሜጀር ላይ ሲደረብ ምቱ ቢገጥም እንኳ ጥርስ ያስነክሳል። የሶፍትዌሮቹ የቁልፍ መለያ የተሠራው ለምዕራቡ ሜጀርና ማይነር ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ አያግዝም። ማዞሪያውን መሃል አድርጉና ሁለቱ ዜማዎች ተደርበው ሲሰሙ አንገታችሁ ወደ ውስጥ ከገባ ከበሮ ብቻ ያለበትን ቦታ ጠብቃችሁ ቀይሩ።

ስፕሊትና ባለ አንድ ገመድ መላ

ሞኖ ስፕሊትን የሚወድም የሚጠላም አለ። እኔ የምጠቀመው ሁለቱ ዘፈኖች በጣም ሲመሳሰሉና መሃል ላይ የትኛው የቱ እንደሆነ ሲጠፋኝ ነው፤ ግራ ጆሮዬ ቢቀድም አዲሱ ፈጥኗል ማለት ነው። ግን ሁለቱም ሞኖ ስለሚሆኑ የቅጂ ጥራት ለመመርመር አይሆንም።

ኮንትሮለር የሌላችሁና በላፕቶፕ ወይም በስልክ የምትለማመዱ ደግሞ ይህ ስፕሊት ቀላሉ መንገዳችሁ ነው። የላፕቶፕ የሄድፎን ቀዳዳ ግራና ቀኝ ብቻ ነው ያለው፤ ኪው ለመለየት ግን ሁለት ለማስተር፣ ሁለት ለሄድፎን፣ በጠቅላላው አራት መውጫ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ አንዱን ጎን ለማስተር ሌላውን ለኪው ያደርገዋል፤ ገመዱም ግራና ቀኙን የሚለያይ የዲጄ ስፕሊተር መሆን አለበት። ሁለት ሰው አንድ ፊልም አብሮ የሚሰማበት ተራ ማካፈያ ተመሳሳይ ድምፅ ለሁለቱም ስለሚልክ አይሠራም። መልኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ስትገዙ አስሞክሩ።

አልሰማ ሲል

በሄድፎን ምንም ከሌለ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ፦ ሌቨሉ ዜሮ ነው? የቻናሉ ኪው በርቷል? የሚክስ ማዞሪያው ወደ ማስተር ዞሮ ቀርቷል? የቻናሉ መብራት ይንቀሳቀሳል? መብራቱ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ የሄድፎን አይደለም፤ ድምፁ ከመጀመሪያውም ቻናሉ ላይ አልደረሰም። ኮንትሮለር ከሆነ ሶፍትዌሩ ድምፁን በላፕቶፑ ስፒከር እያወጣው ሊሆን ይችላል፤ የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ የኮንትሮለሩን ስም ምረጡ።

በአንድ ጆሮ ብቻ ከመጣ፣ ከገመዱ በፊት ስፕሊት መብራቱን አጣሩ።

አንዱ ደግሞ ሰውን ግራ የሚያጋባ ነው። ሙዚቃው ይሰማል፣ የዘፋኙ ድምፅና ባሱ ግን ጠፍተው እንደ ጉድጓድ ውስጥ ይሆናል። ዘፈኑ አልተበላሸም። ባለ 3.5 ሚሊሜትሩን የሄድፎን ጃክ (መሰኪያ) ወደ 6.3 የሚቀይረው ማስተላለፊያ እስከ መጨረሻው ስላልገባ የጋራው መስመር ተቋርጦ፣ የምትሰሙት የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ ነው፤ መሃል ላይ የተቀመጠው ነገር ሁሉ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አጥብቃችሁ ግፉት። ማስተላለፊያው የሚጠፋ ዕቃ ስለሆነ ቦርሳችሁ ውስጥ ሁለት ይኑር።

ኪው ያደረጋችሁት ዘፈን በአዳራሹ ስፒከር ከወጣስ? ወይ ፌደሩ አልወረደም፣ ወይ ሶፍትዌሩ ማስተርና ሄድፎንን አንድ መውጫ ላይ አስቀምጧቸዋል። ሥራው ቦታ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ፌደሩን አውርዳችሁ ይህን ሞክሩ።

ሁለት ዲጄ ተራ በተራ ሲጫወት አንዱ የሌላውን ኪው እያጠፋ ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዲጄኤም-ኤ9 ለዚህ ብሎ ሁለት የሄድፎን ኪው ይዞ መጥቷል። ያ ከሌላችሁ «አሁን ኪው ልወስድ ነው» ተባባሉ፤ ሌላ መላ የለውም።

ጆሯችሁ

አዳራሹ ሲጮህ ሄድፎኑን ትጨምራላችሁ፣ ሄድፎኑ ሲጮህ ጆሮ ይደክማል፣ ሲደክም እንደገና ትጨምራላችሁ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ኒዮሽ ያስቀመጠው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ሠርግ ደግሞ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ነው።

ስለዚህ ሄድፎኑን ከመጨመር በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሞኒተር ቀንሱ፤ ብዙ ሚክሰሮች ላይ ቡዝ የሚል የራሱ ማዞሪያ አለው፣ ታዳሚውን አይነካም። ዘፈኑ ከገባ በኋላ ሄድፎኑን አንገት ላይ አውርዱት። በየሰዓቱ የሌቨል ማዞሪያውን ካለበት ወደ ሩቡ ቀንሳችሁ እንደገና ከታች ጀምሩ፤ ምን ያህል እንደጨመራችሁት ያኔ ነው የሚገባችሁ። ማታ ቤት ገብታችሁ ጆሯችሁ «ጭው» ካለ ደግሞ በማግስቱ ከምሳ በፊት ያለውን መልስ ለጓደኛችሁ ስጡት።